ጋሽ ማርቆስ እና አመዳይ የለበሰው ቅጠል

ጋሽ ማርቆስ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ስልኩን አንስቼ «ሃሎ» ስል ዝም አለች። ዘይነባ ደውላ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ከስልጤ መጥታ እንጦጦ ሥር ኑሮ ከጀመረች ወዲህ አፏ ሲዘጋ ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። በመጨረሻ «እማማ» አለችኝ፣ «ጋሽ ማርቆስ...» ከዚያ በላይ አልቻለችም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

እሳቸው ጴንጤ ነበሩ። እኔ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ልጅ ነኝ። ዘይነባ ሙስሊም ናት። ፈረንሳይ ሰፈር እሳቸው በሚጸልዩበት አዳራሽ እኔና እሷ ከኋላ ተቀመጥን። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ቀጥሎ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ከተናገረ በኋላ «በዓይናቸው ሕመም ምክንያት ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ» አለ።

በገዛ ፈቃዳቸው!

ዘይነባ ክንዴን ባትይዘኝ ኖሮ እዚያው እነሣ ነበር።

«እማማ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አለችኝ በጆሮዬ።

«ለቅሶ ላይ ውሸት ይፈቀዳል?»

ፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው ገላመጡኝ። ልጁም ቢሆን የሰጡትን ነው ያነበበው፣ ምን በወጣው። ግን ሰው እንዴት ከሥራው እንደወጣ አስተካክሎ የሚናገርለት ከጠፋ እኔ አለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም እጄ መጻፍ አልረሳም።

ሦስታችንን ያገናኘን ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ዳገቱ ሳይበረታ የሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ከጋራው ጭራሮና ቅጠል ተሸክሜ እየወረድኩ የምሸጥ ሴት ነበርኩ። ለእኔ ቅጠል ማለት ጀርባ የሚወጋ፣ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚንጣጣ ነገር ነበር። ስም እንዳለው፣ ስሙም የመጣበት አገር እንዳለው ያሳወቁኝ ጋሽ ማርቆስ ናቸው።

እሳቸው የጣቢያው የደን ቴክኒሺያን ነበሩ፤ እኛ አፈር የምንነፋ፣ ፕላስቲክ የምንሞላና ውሃ የምናጠጣ የቀን ሠራተኞች። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። አንድ ኪሱ የተቀደደ አረንጓዴ ካፖርት ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። ከተቀደደው ኪስ ዘር እየጠፋባቸው እንኳ አያሰፉትም። ቅጠል ሲይዙ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው፤ ቅጠሉ የሚናገረውን የሚሰሙ ይመስል ነበር።

አንድ አነጋገር ነበራቸው። ሴቶቹ እየሮጡ መጥተው «ጥዱ ታሟል! ኮሶው ሊሞት ነው!» ሲሏቸው «ያየሽውን ንገሪኝ፤ የፈራሽውን አትንገሪኝ» ይሉ ነበር። «ታሟል» ማለት የፍርሃት ነው፣ «ጫፉ ቡናማ ሆኗል» ማለት የዓይን ነው። ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ ወሰደብን። እኔማ አሁንም ቤቴ ውስጥ ልጆቼ ሲጯጯሁ ያንኑ እላቸዋለሁ፣ ይሰለቹኛል።

ዘይነባ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን የነጭ ባሕር ዛፉን መደብ ሰጧት። ጣቢያው በብዛት የሚያፈላው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር፤ ነጭ ባሕር ዛፍ የሚፈላው ለሚገዙ ገበሬዎች ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ልጅ እናቱን አይመስልም። ትልቁ ዛፍ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረጅምና ጥቁር አረንጓዴ ነው። የልጁ ግን ክብ ነው፤ ግንዱን አቅፎ ይቀመጣል፤ ከላዩም ሰማያዊና ግራጫ የተቀላቀለ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ልጅቷ ያንን ስታይ ጮኸች።

«ጋሽ ማርቆስ! ኧረ ሻጋታ! መደቡ በሙሉ ሻግቷል!»

መጡ። አልተቆጡም።

«አሽትቺው እስቲ።»

አሸተተች። «የጉንፋን ቅባት ይሸታል።»

«የጉንፋን ቅባት የሚሸት ሻጋታ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅንባት። «ስልጤ ውስጥ የለም፣ እዚህ አገር ግን ምን ይታወቃል!» አለች፣ እኛንም እሳቸውንም አሳቀችን።

«አሁን በጣትሽ እሺውና ያየሽውን ንገሪኝ።»

አሸችው። ጣቷ ያለፈበት ቦታ ለምለም አረንጓዴ መስመር ወጣ።

«ከላይ እንደ አመዳይ ያለ ነገር አለው» አለች ቀስ ብላ። «ሰማያዊ ነው ስል ግራጫ ይሆናል። ሲነኩት ይለቃል። ከሥሩ አረንጓዴ ነው።»

ጋሽ ማርቆስ ደስ አላቸው። «ይኸው! አሁን አየሽ። አንቺ በአራት ዓረፍተ ነገር የነገርሽኝን እንግሊዞች በአንድ ቃል ይሉታል፤ ግሎከስ ይባላል። እንዲህ ያለ አመዳይ የለበሰ ቅጠል ግሎከስ ቅጠል ነው።»

«ግሉኮስ?» አለች ከጓሮ አንዷ። «ሐኪም ቤት የሚሰጡት?»

«እሱ ሌላ ነው፣ እሱ ስኳር ነው» አሉ እየሳቁ። ነገር ከጀመሩ ሳይጨርሱ አይተዉምና ቀጠሉ፤ «ቃሉን እንግሊዞች አልፈጠሩትም። የድሮ ግሪኮች ግላውኮስ ይሉ ነበር። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ማለት ነበር፤ ባሕሩን እንዲያ ይሉት ነበር። ቀጥሎ ሰማያዊና ግራጫ የተቀላቀለበትን የሰው ዓይን እንዲያ ይሉት ጀመር። ከግሪኮች ላቲኖች ወሰዱት። ኋላ ቅጠል የሚያጠኑ ሰዎች ይህን አመዳይ የሚጠሩበት ሲያጡ ያንኑ ቃል አምጥተው ቅጠል ላይ አኖሩት።»

«ሳይጠይቁ?» አልኳቸው እኔ።

«ማንን ይጠይቁ እትዬ አስካለ?»

«ባለቤቶቹን ነዋ! ግሪኮቹን።»

«ቃል ቢወሰድም ከባለቤቱ አይጎድልም።»

«እንዲህ ያለ ሌብነትስ ካለ ጥሩ ነው» አልኩ። በዚያ ለብዙ ቀን ሳቁብኝ።

ከዚያ «ባሕር ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከመሐላችን ባሕር ያየ አልነበረም። «እኔም አላየሁም» አሉ። «ግን ኑ።» ከጣቢያው በላይ ካለው ድንጋይ ላይ አወጡንና ነፋስ እስኪመጣ አስቆሙን። ነፋሱ መጥቶ መደቡን ሲነካው ቅጠሎቹ ተገለባበጡ፣ ሰማያዊው ብር እየመሰለ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ። እኔ ያን ጋራ ዕድሜዬን ሙሉ ወጥቼ ወርጄ እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም ነበር።

ስንወርድ ለዘይነባ «ያ አመዳይ ልብሱ ነው» አሏት። «ፀሐይ ውሃውን እንዳትመጠው የለበሰው ስስ ሰም ነው። ሲያድግ ራሱ ይተወዋል። እስከዚያ አትግፈፉት።»

የዓይናቸውን ነገር እኛ ቀድመን ነው ያወቅነው። ከጎን የቆመ ጋሪ ይመታቸው ጀመር። ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፤ ዳር ዳሩ ግን የለም። ሰላም ብለናቸው ሲያልፉን ኩራት መስሎን የተቀየምንም ነበርን። አንድ ቀን ዳቦ ስንበላ መጥተው መሐላችን ተቀመጡና «ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለኝ» አሉ። ዳቦው በየአፋችን ቀረ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ፣ የግሎከስ ዘመድ ነውኮ» አሉ። «የጥንት ሐኪሞች በሽታው የያዘው ሰው ብሌኑ እንደዚያ ባሕር ሲመስል አይተው ያወጡለት ስም ነው ይላሉ።»

«ስሙ ቢያምር ምን ይረባል» አልኩ።

«አይረባም» አሉ። «ግን የማላውቀው እንግዳ ከሚወስደኝ ስሙን የማውቀው ይሻላል።»

ያኔ ነው የፈሩትን የነገሩን። ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ እግሯ የማይታዘዛት አንዲት እህት አለቻቸው፣ ሁለቱም የሚኖሩት በእሳቸው ደመወዝ ነው። ቢሮው ዓይናቸውን ካወቀ ደግሞ አንድ ቀን አያሳድራቸውም። ማንም ማንንም አላስማለም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው እኛ ሆንን። ጠዋት ጠዋት ከእኛ አንዷ ከጎናቸው እየሄደች፣ ለሰው ወሬ የምታወራ መስላ «ጥዱ ከጫፉ ቡናማ ነው፣ ከሥሩ ደህና ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው «ውሃ በዝቶበታል፣ ቀንሱ» ይላሉ። ዳር ዳሩን የጋረደባቸው ጭጋግ ወደ መሐል እየገባ ሄዶ የሰው መልክ እስኪጠፋባቸው ድረስ እንዲህ ሠራን። ችግኙ ከሌላው ጣቢያ ሁሉ የተሻለ ነበር። ይህን በአድልዎ አልልም።

አንድ የበጋ ቀን ከላይ ተቆጣጣሪ መጣ። እንግዶች ሊጎበኙ ነውና ጣቢያው ይጽዳ አለ። በመንገዱ በኩል ሁለት መደቦች ጎን ለጎን አሉ። ዳር ያለው ወይራ ነው፣ የመኪና አቧራ ጠጥቶ አፈር መስሏል። ቀጥሎ የዘይነባ ባሕር ዛፍ ነው። ተቆጣጣሪው ጣቱን ዘረጋና «ይሄ ምንድን ነው? አቧራ ለብሶ እንግዳ ሊያየው ነው? ይታጠብ» አለ።

ጋሽ ማርቆስ ከጎኑ ቆመው ነበር። «ልክ ነው፣ ይታጠብ» አሉ።

ጣቱ የተዘረጋው ወደ ባሕር ዛፉ ነበር።

እኔ ያን ሰዓት ከጓሮ አፈር እነፋ ነበር፤ አልሰማሁም። ዘይነባ ቅጠሉን ሁሉ በሳሙናና በጨርቅ አሽታ እንደ ሰሐን እንዲያብረቀርቅ ካደረገችው በኋላ ነው ያየሁት። ተቆጣጣሪው «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ሄደ። እንግዶቹ መጡ፣ መደቡ አጠገብ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ የበጋው ነፋስና ፀሐይ መጣ። ራቁቱን የቀረ ቅጠል ተሸበሸበ፣ ወረቀት ሆነ፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። መደቡ በሙሉ ሞተ።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣና «እኔ አቧራው ይራገፍ አልኩ እንጂ በሳሙና ፍጉት አላልኩም» አለ። የመንግሥት ንብረት ያጠፋች ሠራተኛ ትባረር ተባለ። ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ማርቆስ ዘይነባን ጠርተው «ምን ሆነሽ ነው? ነግሬሽ አልነበር?» ሲሏት «ተሳሳትኩ» ብላ ዞር አለች።

ውሃ ታንከሩ ጋ ያዝኳት።

«ግሎከስ መሆኑን ታውቂ የለም ወይ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰውየው ሲያሳይ ጋሽ ማርቆስን አየኋቸው። 'ይታጠብ' አሉ። ያስተማሩኝ እሳቸው፣ የሻሩትም እሳቸው። እኔ ማን ነኝ?» እንባዋን በሻርቧ ጠረገች። «በኋላ ነው የገባኝ። የወይራው መስሏቸው ነው። እማማ፣ ይህን ብናገር 'ለምን እሺ አለ?' ይላሉ። ከዚያ የዓይናቸው ነገር ይወጣል። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሰው ቤትም ልብስ አጥባለሁ። እሳቸው የት ይገባሉ? በአላህ ዝም በይ።»

ዝም ልላት አልቻልኩም። እሷ ለእሳቸው ልታዝን መብቷ ነው፤ ግን ሰው ያላጠፋውን ተሸክሞ ሲወጣ እያየሁ፣ የሚመለከተው ሰው ደግሞ ሳያውቅ እንዲቀር ማድረግ ለሁለቱም ግፍ ነው። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ሄጄ ነገርኳቸው።

ችግኝ የሚሸፈንበትን ሣር እያስተካከሉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ጣቱ የትኛው ላይ ነበር?»

«ባሕር ዛፉ ላይ።»

«እኔ ወይራው መሰለኝ» አሉ። «አቧራ ሲል ወይራው ነው ብዬ... ድምፁ ከዚያ በኩል ነበር የመጣው።» ከዚያ «አመሰግናለሁ» እንኳ አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ አልወድም ነበር።

ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ዘይነባን «ማን እጠቢ አለሽ?» አላት። ይኸኔ ነው ያች ለፍላፊ ልጅ አፏ የተዘጋው። ሁለተኛ ጠየቃት። መሬት መሬት ታያለች። እኔ ልነሣ ስል እግሬን ረገጠችኝ፣ ምልክቱ ለሳምንት አልጠፋም።

ጋሽ ማርቆስ ተነሡ። ሳጥን መታቸውና ተደናቀፉ፣ አንዷ ልትደግፍ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«እኔ ነኝ ይታጠብ ያልኩት» አሉ።

ኃላፊው ሳቀ። «አንተ? ባሕር ዛፍ? ማርቆስ፣ ለልጅቷ ብለህ አትቀልድ።»

«ተቆጣጣሪው በጣቱ አሳየ። ጣቱን አላየሁትም። የወይራውን ያለ መሰለኝና እሺ አልኩ። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው፣ እሺ ያለችውም እኔን ስላመነች ነው።»

«እንዴት ጣቱን አላየህም?»

«አላይማ። አሁንም አንተን በድምፅህ ነው ያወቅኩህ።»

ተቆጣጣሪው «ይኸው! ይኸው!» አለ፣ ዕዳ የተሰረዘለት ሰው መስሎ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሠራህ?» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ጋሽ ማርቆስ ወደ እኛ ሊጠቁሙ እጃቸውን አንሥተው መልሰው አወረዱት። ቢጠቁሙ እኛም እንጠየቅ ነበር። «እንደምንም» ብቻ አሉ።

ዘይነባ ከሥራዋ አልወጣችም። ተቆጣጣሪውን ማንም ምንም አላለውም። ጋሽ ማርቆስ ግን በሳምንቱ ካፖርታቸውን ይዘው እንዲወጡ ተደረገ። ፈቃዳቸው የነበረው እውነቱን መናገሩ ላይ ነው፤ ሥራውን ግን ወሰዱባቸው።

ዘይነባ በዚያው ሰሞን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጮኸችባቸው። እኔም አብሬ ነበርኩ።

«ማን ለመነዎት? እኔ ጨርሼው ነበርኮ! ማን ለመነዎት?»

«አንቺንስ ማን ለመነሽ?» አሉ።

እህታቸው ከአልጋቸው ሆነው «ተዋት ማርቆስ፣ ትጩህ፣ እኔም የማልጮኸው ጉልበት አጥቼ ነው» አሉ። ወደ ጠባብ ቤት እየዞሩ፣ ሥጋ ከገበታቸው እየጠፋ፣ ኑሯቸው በቤተ ክርስቲያን ሰዎች እጅ ላይ ወደቀ። እኛም የቻልነውን እንወስድ ነበር። እሳቸው ሲቀበሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፣ እፍረታቸው የማይታየን መስሏቸው።

ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ አንድ ቀን ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። እኔ መጠየቅ ያለበትን ነገር ማሳደር አልችልም።

«ይጸጸታሉ?»

«በየቀኑ» አሉ፣ ጥያቄውን ሲጠብቁት እንደኖሩ ፈጥነው። «እህቴ ስታስል ስሰማ እጸጸታለሁ። ጠዋት ነቅቼ የምሄድበት ሲጠፋ እጸጸታለሁ። መልሰው ቢያቆሙኝ ያንኑ እናገራለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን እትዬ አስካለ፣ ቅዱስ አታድርጉኝ። አልተጸጸተም የሚል ሰው ካለ እኔን አያውቀኝም።»

አልጽፈውም ብዬ ነበር። ጻፍኩት፣ የእሳቸው ነውና።

ከዚያ በኋላ በዘንግ መንገዱን እየመቱ መሄድ ለመዱ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተው ጣቢያው አጥር ሽቦ ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ዘበኛው ማስገባት አይችልም፤ ግን አያባርርም። እኛ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ። የሚያዳምጡት ውሃ ስናጠጣ ነበር። ዘይነባ ይህን ስታይ አንድ ዘዴ አመጣች። ውሃ ማጠጫውን ከራሷ በላይ አንሥታ ከሩቅ ታፈሰዋለች፣ ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማቸው። እንዲህ ማፍሰስ ደግሞ ጋሽ ማርቆስ አጥብቀው የሚጠሉት ነገር ነው። ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው ይመጣል፤

«ዘይነባ! ዝቅ አድርጊው! አፈሩ ታጠበ፣ ሥሩን ታራቁቺዋለሽ!»

«እጄን ደክሞኝ ነው ጋሽ ማርቆስ!»

«እጅሽ ከደከመ ወደ ላይ ነው የሚነሣው?»

ሁላችንም እንስቃለን። እሳቸውም ደማቸው መለስ ይላል፤ «ጥዱስ? ጫፉ እንዴት ነው?» ብለው ይጀምራሉ፣ እየተቀባበልን ያየነውን እንነግራቸዋለን። እስከ መጨረሻው ክረምት ድረስ እንዲህ ሆነ።

ዘይነባ ስልኩን በደወለችልኝ ቀን ጠዋት አልመጡም። ዝናብ ይዟቸው ይሆናል፣ ዳገቱ ጭቃ ነው አልን። ዘይነባ ማጠጫውን ሞልታ ከራሷ በላይ አነሣችና ወደ አጥሩ እያየች አፈሰሰችው። የሚቆጣት አልነበረም። እንደገና ሞልታ እንደገና አፈሰሰች። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩዋታል፣ አንዷም ተይ አላለቻትም። ውሃው አፈሩን ይዞ ወረደ፣ ነጫጩ ሥር መታየት ጀመረ፣ እሷ ግን እጇን አላወረደችም።